በገበያ ቀን የወጣ አልጋ

ሕዋስ የአካል ጡብ ነው ይባላል። አይደለም። ጡብ ከተደረደረበት አይነቃነቅም፣ ጎረቤቱን አይጎትትም፣ ቅርጹን አይለውጥም። ጡብ ብትደራርቡ ግድግዳ ታገኛላችሁ፤ ጫጩት ግን አታገኙም። ይህን አባባል መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባው ሰው ያን ሰሞን ቤት እያሠራ የነበረ ይመስለኛል። እኔም አማርኛ አስተማሪ ነበርሁና ሳልመረምር ለዓመታት አምኜው ኖርሁ። ከዚህ እምነት ያወጣችኝ ሚስቴ ናት፤ ያወጣችኝም በአባቴ የጠፍር አልጋ ነው።

የጠፍር አልጋ ላላየ ሰው፦ አራት እግርና አራት የጎን እንጨት ነው፤ አንድም ሚስማር የለበትም። የከብት ቆዳ በረጅሙ ይተለተልና ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ርጥቡ ጠፍር ካንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይወጠራል፤ በየዳሩም ከእንጨቱ ጋር ይቋጠራል። ሲደርቅ ይኮማተርና አልጋውን ሁሉ ጨምድዶ ይይዘዋል። ጠፍር ያልገባበት እንጨት ብትነኩት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጠፍሩም ለብቻው ሲቀመጥ ውሻ የሚጎመጅበት ክምር ነው። አልጋ የሚሆኑት ሲቋጠሩ ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የአቋቋም መምህር ነበር። ክረምት ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ የላላውን ጠፍር ይፈታና ያረጥበዋል። ከዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንድ እግሩን በጎኑ እንጨት ላይ ተክሎ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ እየሳበ ያጠብቀዋል። ጥርሱ ጠፍር ባልነከሰበት ጊዜ ሁሉ በአፍንጫው ያዜማል። ያ ዜማና የርጥብ ቆዳ ሽታ እስከ ዛሬ በአእምሮዬ አልተለያዩም። ሽታው ደስ ይል ነበር ብዬ አልዋሽም። ዛሬ ግን ከየትም ቢመጣ ተነሥቼ እከተለዋለሁ።

አባቴ ሲያርፍ አልጋው የእናቴ ሆነ፤ ቋጠሮው የአባቴ እንደ ሆነ ቀረ።

ያን ጊዜ እኔ ደብረ ማርቆስ፣ ሚስቴ ደግሞ ደብረ ኤልያስ ነበርን፤ እሷ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ዓርብ አመሻሽ ላይ መኪና አግኝታ ትመጣለች፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ትመለሳለች። ክረምት ጭቃው ሲበረታ ዓርብም ይቀራል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ያገባው ዓርብን ነው» እያለች ታሾፍብን ነበር። ዝውውር ጠይቀን ጠይቀን ሰለቸን። ትዳር በርቀት ይጠነክራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ካገኘኋቸው አንዳቸውም ከሚስታቸው ርቀው አይኖሩም።

እንዲህ ሳለን ከከተማው ዳር በተከፈተ አዲስ ኮሌጅ አንድ የባዮሎጂ መምህር ቦታ ወጣ። ለመጨረሻው ፈተና ሁለት ሰዎች ተጠሩ፤ አንዷ እሷ ነበረች። ፈተናው በኮሚቴ ፊት ማስተማር ነው፤ የማስተማሪያ መርጃ ይዞ መቅረብም ግዴታ ነው። በዕጣ የደረሳት ርእስ፣ የእንስሳ ሽል ሲያድግ የሕዋስን ሽፋን ከውስጥ አጽሙ ጋር ስለሚያያይዙ ፕሮቲኖች ነበር። ካለፈች በየቀኑ ቤቷ ታድራለች። ከወደቀች ደብረ ኤልያስና ዓርብ ናቸው።

ርእሱን ስትነግረኝ ምንም እንዳልገባኝ ፊቴ ላይ አየች። በእናቴ አልጋ ላይ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የሕዋስ ሽፋን እንደ ሾርባ ላይ ቅባት ስስ ነው፤ ለብቻው ቅርጽ አይዝም። ከሥሩ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ይኮማተራሉ፣ ይስባሉ። የሕዋሱ ጉልበት እነሱ ናቸው፤ ነገር ግን ሽፋኑን ካልያዙት እርስ በርስ ከመሳሳብ በቀር የሚፈይዱት የለም። መካከል ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ባንድ እጃቸው ሽፋኑን፣ በሌላው ክሩን ይጨብጣሉ። ሽሉ መጀመሪያ እንደ አንሶላ ጠፍጣፋ ነው። በላይ በኩል ያሉት ክሮች አብረው ሲኮማተሩ ሽፋኑን ይዘውት ይሄዳሉ፤ አንሶላው እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል፣ ይታጠፋል፣ ቱቦ ይሆናል። አንጎላችን የሚጀምረው ከዚያ ቱቦ ነው። ይህን ብላ የተቀመጥንበትን እንጨት በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አየችው። ያሰበችው ሳትነግረኝ ገባኝ። ከጓዳ ብቅ ያለችው እናቴም ገባት።

«የሟቹን ቋጠሮ ለመምህራን ልትፈችው ነው?» አለቻት።

«አንዱን ጎን ብቻ ነው እማዬ። መልሼ አስረዋለሁ።»

«መፍታቱስ ማንንም አይከብድም» አለችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። በማግሥቱ ግን መኝታዋን ከአልጋው አውርዳ መሬት ላይ አንጥፋ አገኘኋት። ዓርብ እሷንም ሰልችቷት ኖሯል።

ፈተናው የዋለው ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን ነበር። ጋሪዎቹ ሁሉ እህል ጭነዋል። ስለዚህ ከአልጋው ሥር ሁለት ወፍራም እንጨት አስገብተን፣ እኔና ሦስት ጎረቤቶቼ በትከሻችን ልንወስደው ተነሣን። እናቴ በር ላይ አስቆመችን። ባዶ አልጋ በከተማ አይሄድም አለች፤ ባዶ አልጋ ከቀብር የሚመለስ ነው። ነጭ ጋቢዋን አለበሰችው፤ እርቃኑን እንዳይመስል ራስጌው ላይ ትራስ አደረገችለት። ሚስቴም የተጠቀለሉ ሥዕሎቿንና ለማሳያ የያዘችውን ትርፍ ጠፍር ከጋቢው ሥር ወሸቀች። አምሮበት ወጣ።

የአገሬ ሰው የሚመጣው ነገር ከወዲሁ ታይቶታል። ለእኛ ያኔ አልታየንም። በእኛ አገር ሕመምተኛ ወይም ምጥ የጸናባት ሴት በአልጋ ትወጣለች። መንገድ ላይ ያገኛት ወንድ ሁሉ ጉዳዩን ትቶ ትከሻውን ይሰጣል፤ ሌላው እስኪቀበለው ይሄዳል። ማንም አይለምነውም። አባቴም በመጨረሻው ሕመሙ ሆስፒታል የደረሰው በማናውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እንዳለፍን አንድ ገበሬ «ዞር በል ወንድሜ» ብሎ እንጨቱን ከትከሻዬ ወሰደው። ደግ ሰው ብዬ አመሰገንሁት። ጥቂት ቆይቼ ዘወር ስል ጎረቤቶቼም እጃቸውን አጣጥፈው ይሄዳሉ። አልጋችን በአራት ባይተዋሮች ትከሻ ላይ ነበር፤ ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ይከተላሉ። አንዷ ወደ ሚስቴ ተጠግታ፣ ስንት ቀን ሆነው ብላ በቀስታ ጠየቀቻት። ሚስቴ ከፈተናዋ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንደሌለ ነገረቻት። ሴትዮዋ ራሷን ይዛ ማርያምን መጣራት ጀመረች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ በገበያተኛው መካከል ሄደ፤ ሳምንት ሙሉ ያማጠች ሴት እየመጣች ነው ተባለ።

ከአምበር የሚመጣው መንገድ ከተማ ከሚገባበት ላይ አንድ ረጅም ሽበታም ሰውዬ የተጫነች አህያውን ለሴት ልጁ ትቶ፣ እህሉን ሽጠሽ ጠብቂኝ አላትና የራስጌውን እንጨት ያዘ። ወዲያውም አዛዥ ሆነ። ቀስ በሉ፣ ጉድጓድ አለ፣ ራስጌዋን ከፍ አድርጉላት ይላል። ትንሽ እንደ ሄደ ክብደቱን በትከሻው መዘነና ራሱን ነቀነቀ።

«ምንኛ ከስታለች» አለ።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መንታ መንገዱ ላይ ደርሰን ነበር፤ ግራው ወደ ኮሌጁ፣ ቀኙ ወደ ሆስፒታሉ ይወስዳል። እነሱ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ሮጥሁና ከፊታቸው ቆምሁ።

«አያ፣ መንገዳችን ወደ ኮሌጁ ነው» አልሁት።

«ኮሌጁ ሐኪም አለው?»

«የለውም። አልጋው ላይም ሰው የለም።»

ሰውዬው በሐዘኔታ አየኝ። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ፣ ልጁ ተናውጧል፣ አትስሙት አላቸው። አንድ ጎልማሳ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር አወጣኝና፣ አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም በመጀመሪያው ልጄ እንዲሁ ሆኜ ነበር ብሎ አጽናናኝ። በዚህ ዓለም እውነት ተናግሮ ከመጽናናት የባሰ ነገር ያለ አይመስለኝም። አልጋው በሩጫ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ፣ እኛም ተከተልን። ጎረቤቶቼ ለማስረዳት ይሞክራሉ፤ ሴቶቹ ዝም በሉ እያሉ ይቆጧቸዋል። የሆስፒታሉ ዘበኛ ከሩቅ አይቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሚስቴ እዚያ ቀደመቻቸው። በበሩ መካከል ቆማ ጋቢውን ገለጠችው።

ትራስ፣ የተጠቀለለ ወረቀት፣ እንደ እባብ የተጥመለመለ ጠፍር።

«ይችን ነው ከስታለች ያልሁት?» አለ ሰውዬው ትራሱን እያየ።

ሳቁ ሲነሣ ሚስቴ አለቀሰች። ሰዓቱ አልፎ ነበር። ሰውዬው ሳቂዎቹን በዓይኑ ገሠጸና ምን እንደ ሆነች ጠየቀኝ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ደብረ ኤልያስ፣ ስለ ዓርብ ነገርሁት።

«ይህን ቀድመህ አትናገርም ነበር?»

«ነገርሁዎት እኮ።»

«ሰው የለም አልኸኝ እንጂ ዓርብን መች ነገርኸኝ» አለና የራስጌውን እንጨት አነሣ። የቀሩትም አነሡ። እንደ አመጣጣቸው በሩጫ ተመለሱ፤ ሴቶቹ እንኳ አልቀሩም።

ኮሌጁ ስንደርስ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነሥተዋል። ሰብሳቢው ሰዓት ማለፉን፣ ደንብ ደንብ መሆኑን በትሕትና ነገራት። እሷም ይቅርታ ጠይቃ ጋቢውን ማጠፍ ጀመረች። ሚስቴ ከደንብ ጋር መከራከር አታውቅም፤ ያ የእኔ አመል ነው፤ እኔ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ጌቶቼ፣ ያዘገየናት እኛ ነን» አለ። «አልጋ አየን፣ ሰው አለበት ብለን ወሰድናት። አሁን ገበያችን ቀርቷል፣ ትከሻችንም ተልጧል። በሽታው ምን እንደ ሆነ ሳንሰማ ወዴት እንሄዳለን?»

ከበሩ ጀምሮ እስከ መስኮቱ የሞላው ሕዝብ አልተነቃነቀም። ከአባላቱ አንዱ፣ አነጋገሩ የቅርባችን ከተማ የይጁቤ ልጅ መሆኑን የሚያሳብቅበት፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ዙሪያውን አየ። እሱም ተቀመጠ።

ሚስቴ አልጋው ላይ የሚተኛ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ሰብሳቢውን ጋበዘችው፤ ከረባቱን ዳሰሰና አመሰገናት። ሰውዬው ግን የፕላስቲክ ጫማውን አውልቆ፣ በትሩን ከጎኑ አጋድሞ፣ የእናቴን ጋቢ እስከ አገጩ ስቦ ተጋደመ። ሰው ተሸክመናል ብለን መጥተናልና ሰው ይኑርበት አለ።

የእንጨቱ ዙሪያ ሽፋኑ ነው አለች፤ ጠፍሩ ክሩ ነው። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች የፕሮቲኖቹን ስም ጠራች። ከዚያ ስለ ዝንብ ሽል ተናገረች። ከእነዚህ ማያያዣዎች አንዱ የጎደለው የዝንብ ሽል ለጊዜው ምንም ያጣ አይመስልም፤ ጡንቻው ይሠራል፣ ቦታውን ይይዛል። ሽሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን፣ ጡንቻው ሲኮማተር ከተያዘበት ይላቀቅና እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ይቀራል። ይህን ብላ ተንበረከከችና ባንደኛው ጎን ያለውን የአባቴን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። እንደ አጥንት ደርቆ ነበር። በጣቷ አልሆንላት ሲል ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው። ማንም አላስተማራትም። እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርሁ።

ጎኑ ተፈትቶ ሲያልቅ ሰውዬው ወገቡን አስቀድሞ ቀስ እያለ ወረደ፤ መሬት ሲነካ ከላይ የቀረው እግሩና ጢሙ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ጠፍሩ ተበጠሰ?» አለ ከታች።

«አልተበጠሰም አባቴ።»

«እንጨቱስ?»

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያ እኔን መሬት ያወረደኝ ምንድን ነው?»

«ማያያዣው ነው» አለች፤ ስትናገርም ወደ ኮሚቴው አልዞረችም።

የይጁቤው ሰው፣ ቋጠሮው ሁልጊዜ ታስሮ መኖር አለበት ወይ ብሎ ጠየቃት። የለበትም አለችው። በሽል ውስጥ ብዙ ሕዋሶች ቦታ ይለውጣሉ፤ መሄድ ያለበት ይፈታል፣ ሲደርስ ይታሰራል። አንዳንዱ ማያያዣም እጁን አጥፎ ተኝቶ ይቆያል፤ ምልክት ሲመጣለት ተዘርግቶ ይጨብጣል። ታስሮ ብቻ የሚኖር ሽል አያድግም። ሰብሳቢው ሌላ ጥያቄ እንዳለ አባላቱን ጠየቀ፤ አልነበረም።

ሰዎቹን ምሳ እንድናበላቸው ለመንናቸው። ሰውዬው ልጁ ገበያ መካከል ብቻዋን እንደ ቆመች አስታወሰን፤ ጫማውን አጥልቆ፣ ወገቡን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ ወጣ። ሌሎቹም እንደ አመጣጣቸው ተበተኑ። አልጋውን ይዘን የተመለስን እኛው አራታችን ነበርን። ተፈትቶ ስለ ነበር ማንም አልተቀበለንም።

ቀጠሯት። በደብረ ማርቆስ ታሪኩ ሲነገር የጠፍር አልጋው አስቀጠራት ይባላል። ይህም ሐሰት ነው። ሁለተኛው ተፈታኝ ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሳይመጣ ቀርቷል፤ ለብቻው የሮጠን ደግሞ የሚቀድመው የለም። ነገር ግን ያን ቀን ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዞ ቢወጣ ኖሮ ብቻዋን የሮጠችውም ከመስመሩ ሳትነሣ ትቀር ነበር። ሲወጣ ያስቆመው አልጋው አልነበረም።

ሚስቴ ከደብረ ኤልያስ ዕቃዋን ጭና የመጣችበትን ሳምንት አልረሳውም። ከሁሉ የገረመኝ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ እሷ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ድንች ትልጣለች፣ ከእናቴ ጋር ስለ ጎረቤት ትጨቃጨቃለች፣ ቀና ብላም አላየችኝም። ቀና ብሎ የማያይ ሰው ቤት ውስጥ ማግኘት እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ዓርብን ላላገባ ሰው ማስረዳት አልችልም። ክረምቱን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሦስታችን ባንድ ክፍል እንቀመጥ ነበር። እናቴ ያላትን ተረት ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ሚስቴን ያንን የዝንቡን ንገሪን ትላታለች።

የፈታችውን ጎን ቃሏን ጠብቃ መልሳ አሰረችው። እንደ አባቴ ግን አልሆነላትም፤ በዚያ በኩል አልጋው እንደ ረገበ ቀረ። እናቴ ሌሊቱን ወደዚያው እየተንከባለለች ታድራለች። ጠፍር የሚያውቅ ሰው ላምጣ ባልሁ ቁጥር ትከለክለኛለች።

«ተወው» ትላለች፤ «ምራቴን ቤት ያስገባት ጎን ነው።»

እስክታርፍ በዚያው ተኛች።

አሁን በከተማችን አልጋ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አይታይም። ባጃጅ አለ፣ አምቡላንስ አለ። ያ ዘመን ቀረ ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በዚያ አልጋ ላይ ተኝታ በምጥ ጉድጓድ ለጉድጓድ የተናጠች ሴት ስታዝን ግን አልሰማሁም። እኔም ለእሱ አላዝንም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያ ሰውዬ ውጤቱ ሳይነገር ሄደ። ስሙን አልጠየቅነውም፤ እሱም የእኛን አልጠየቀም። ሚስቴ ብዙ ቅዳሜ የአህያ ተራውንና የእህል ተራውን ዞራ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ገበያውን ትቶ፣ ተሸክሞ፣ ተሟግቶ፣ መሬት ወርዶ ሲያበቃ፣ ነገሩ በምን እንዳለቀ እስከ ዛሬ አያውቅም።

በአምበር በኩል ያላችሁ፣ ሽማግሌ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ ኮሌጅ ገብቶ አልጋ ላይ እንደ ተኛ የሚያወራ ከሆነ አትሳቁበት። ተቀጥራለች በሉት። እሱ ከሌለም ያችን አህያ ይዛ ገበያ የጠበቀችውን ልጁን ፈልጋችሁ ለእሷ ንገሯት።